አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት ፍለጋ እስከ አሰብ

ከአሰብ የተመለሰ ሰው ደሴ ላይ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ ሽርጥ፣ ዛጎልና ውሸት። ሽርጡ ጎማ ስንቀይር ተቀደደ። ዛጎል ማንሳት ረሳሁ። ውሸቱን እዚያው አሰብ ውስጥ ጽፌ ስለጨረስኩት ለእናንተ የተረፈኝ እውነቱ ብቻ ነው። ይህን ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ስታቀባብሉት ግን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ዘንድ እንዳይደርስ አደራ። ራሱ ማንበብ ባይወድም ማስነበብ ይወዳል።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ በነጋቲቭ ላይ ወደ ኋላ መጻፍ ነው። በጋሽ ወንድይፍራው ፎቶ ቤት ሁለት ፍቅረኞች ተነሥተው «ለዘላለም ማስታወሻ» የሚል ይግባልን ሲሉ፣ ያንን በቀጭን ብዕር ገልብጬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ነጋቲቭ ላይ የተገለበጠ ፊደል ወረቀት ላይ ይቃናል። ግጥምንም ያለ አስተማሪ የተማርኩት እንዲሁ ከፍቅረኞች ግርጌ ነው። ስለ ባሕር ብቻ አሥራ አንድ ግጥም ነበረኝ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ውኃ ሐይቅ ከተማ ያለው ነው፤ እሱም ወዲያ ማዶው ላይ ላም ስትግጥ ይታያል።

የጋሽ ወንድይፍራው ካሜራ ጣልያን ጥሎት የሄደ የእንጨት ሣጥን ነው። አንድ ልክ ፊልም ብቻ ይበላል፤ አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር። ይህን ልክ ዛሬ የሚጠቀምበት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ እሳቸው ግን ሲያሞግሱት እንደ ልጃገረድ ነው።

«ዘጠኝ በአሥራ ሁለት የመታወቂያ ታላቅ ወንድም ነው» ይላሉ። «አሥራ ስምንት በሃያ አራት ደግሞ ለቤተ መንግሥት ነው። ይሄኛው የሰው ልክ ነው። ማጉያ ምን ያደርግልሃል? ነጋቲቩን ወረቀቱ ላይ አስተኝተህ ለአፍታ ብርሃን ታሳየዋለህ፣ አለቀ፤ መብራት ሄደ አልሄደ አያገባህም። አርባ ሠርገኛ ቢቆም አርባውም ዓይን አለው!»

ዘመኑ ግን የመታወቂያ ዘመን ነው። ሰው ሁሉ ሦስት በአራት ሆኗል። የፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን ተሰብስቦ፣ ፊልም የሌለው ካሜራ ቦታ ከማጣበብ በቀር ጥቅም የለውምና ወሩ እስኪያልቅ ፊልም ካልተገኘለት ወደ መጋዘን ይግባ ብሎ ወሰነ። መጋዘኑ ዝናብ እንደልቡ የሚገባና የሚወጣበት ቤት ነው። ለእንጨት ካሜራ ያ መጋዘን መቃብር ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

በዚያው ሳምንት መኮንን የሚባል የቦቴ ሾፌር፣ ነዳጅ ከአሰብ የሚያመላልስ፣ ለመንጃ ፈቃድ ሊነሣ መጣ። ወረቀቶቹን የያዘው በቢጫ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑ ላይ «13 × 18» ይላል። ጋሽ ወንድይፍራው ሰውየውን ትተው ካርቶኑን ያዙ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከአሰብ ነዋ፣ ጋሼ። ፍስሐ የሚባል ጓደኛዬ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። ያልተከፈተው ካርቶን ተደርድሮልዎታል። ቀኑ ስላለፈበት የፊታችን ቅዳሜ ሊቃጠል ነው።»

«ሊቃጠል?» አሉና ደንበኛ እንዲነሣበት የተቀመጠው ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ።

ማክሰኞ። የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ማልደን ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ የጉዞውን ምክንያት ጠየቀ። ጋሽ ወንድይፍራው «አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት ፍለጋ» አሉት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ የመሣሪያ ቁጥር ነው?»

«የፎቶ ፊልም ልክ ነው፣ ጓድ።»

«እንዲህ ያለ ልክ እኔ አላውቅም» አለ። እሱ የማያውቀው ነገር ወረቀት ላይ ስለማይሰፍር «ለሕክምና» ብሎ ጻፈልን። ማን እንደታመመ ስላልጻፈ በየኬላው በተራ እየታመምን ሄድን።

በመኮንን ቦቴ ጋቢና ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ካሜራው አራተኛ ሰው ሆኖ ጭኔ ላይ ነበር፤ ጋሽ ወንድይፍራው ፊልሙን እዚያው ሳልሞክር አልቀበልም ብለው ነው ያስጫኑት። ኮምቦልቻ ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ባቲ ላይ ሹራቤን፤ ከባቲ በታች የማወልቀው አለቀ። እኛ አገር ሰው ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል። እዚህ ጥላው ራሱ ይሞቃል።

አንዱ ኬላ ላይ ጠባቂው የካሜራውን ሣጥን በጠመንጃው አፍ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ቀፎ ነው?» አለ።

«አዎ» አለ መኮንን፣ ለመገላገል።

«ንብ አለው?»

«ሞልቶታል።»

ጠባቂው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ገመዱን አወረደልን። በዚህ ዘመን ኬላ ላይ የተከበርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ችግሩ ጋሽ ወንድይፍራው ተቀይመው እስከ ሚሌ አለመናገራቸው ነበር። «ሌንሱ ይሰማል» አሉኝ በኋላ።

ሚሌ ላይ ማደሪያችን ደጅ የተደረደረ የገመድ አልጋ ነበር። ደሴ ላይ ደጅ የሚያድር ወይ ሰካራም ነው ወይ ሟች ቤት የመጣ ለቀስተኛ። ሚሌ ላይ ቤት ውስጥ የሚያድረው ነው እንደ እብድ የሚታየው። ፍየል ጥብስ በላን፤ ሥጋው መልካም፣ አሸዋው ብዙ።

ረቡዕ። ሰርዶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ዛፍ የለ፣ ጎጆ የለ፣ ድንጋዩ ሁሉ የተጠበሰ ይመስላል። መኮንን ክሪኩን ሲያስገባ እኔ ሚሌ ላይ የገዛሁትን ሽርጥ ለጉልበቱ መደገፊያ ሰጠሁት፤ መጨረሻውም ሆነ። ከየት እንደመጡ ያላየናቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ከሣር በተሠራ ዕቃ የፍየል ወተት ይዘው አጠገባችን ቆሙ። ቋንቋ አልተግባባንም። መጀመሪያ ለጋሽ ወንድይፍራው፣ ቀጥሎ ለመኮንን፣ በመጨረሻ ለእኔ ሰጡ፤ በዕድሜ ነው። እስክንጨርስ ጠበቁንና ዕቃቸውን ተቀብለው ሄዱ። የይለፍ ወረቀት አልጠየቁንም። የአገሩ ባለቤት ግን እሳቸው ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ አሰብ ገባን። አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። መኮንን ካምቦሱዳን ሰፈር ከሐጂ ይመር ሱቅ አወረደንና ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ። ሐጂ ይመር የከሚሴ ሰው ናቸው፤ አሰብ ላይ ሩዝ፣ ኩራዝና ክር መሸጥ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። «ከደሴ ነን» ስንል ሚዛኑን አስቀመጡት።

«የደሴ ሰው እኔ ደጅ ቆሞ ማደሪያ ሊጠይቅ! አብሽሩ፣ ግቡ! ዝናቡ እንዴት ነው? ጭጋጉስ? እስቲ ስለ ጭጋግ አውሩኝ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ስለ ጦሳ ተራራ ጭጋግ ምድጃ ላይ የተጠበሰ ዓሣና ስስ ቂጣ እስኪቀርብ ድረስ አወሩላቸው። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። እኛ አገር የምንራገመውን ነገር እዚያ እንደ ተረት ይሰሙታል።

ሐሙስ። በማለዳ ባሕር አየሁ። ደብተሬን ይዤ ነበር የሄድኩት። አሥራ አንዱም ግጥሞቼ ውስጥ ባሕሩ ያገሳል። የአሰብ ባሕር አያገሳም። ቅባት የጠጣ ይመስል ዝም ብሎ ተኝቷል። ቁራ ይጮኻል፣ የመርከብ ሰንሰለት ይጮኻል፣ ባሕሩ ዝም። አጠገቤ መረቡን የሚጠግን ሰው «ምን ጠፋህ?» አለኝ። ግጥሞቼ አላልኩትም።

ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ሄድን። ፍስሐ የጉለሌ ልጅ ነው፤ ከሲታ፣ ፈገግታው ፈጣን። ስድስት ያልተከፈቱ ካርቶኖች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«መቼም በዚህ ስንት ሠርግ ታነሣላችሁ» አሉት።

«ሠርግ? ጋሼ፣ እኛ ሰው አናነሣም። ብየዳ ነው የምናነሣው።»

ነገሩ ለካ የራጅ ፊልም ነው። የተበየደ ቧንቧ ውስጡ ይሰንጠቅ አይሰንጠቅ በዓይን ስለማይታወቅ በአንድ በኩል ጨረር ይለቁበታል፣ በሌላው በኩል ፊልሙን ያስቀምጣሉ፤ ልክ ሐኪም አጥንት እንደሚያየው። ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸው ጠቆረ። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለቧንቧ ሐኪም ሆነ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ለሕክምና» ሲል ሳያውቀው እውነት መጻፉ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ፊልም ፊልም ነው» አለ ፍስሐ። «ብርሃን ካየ ይጠቁራል። ስለ ልኩ ደግሞ አይስጉ፤ አጥንት እስከተሰበረ፣ ቧንቧ እስከተበየደ ድረስ አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት አይሞትም።»

«በሠርግስ?»

«በሠርግ እንኳ እንጃ።»

ፊልሙን ለመስጠት የወርክሾፑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ መፈረም አለበት፤ አለዚያ ቅዳሜ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይቃጠላል። ጓድ ተሰማ ወፍራም፣ ላቡን በትንሽ ፎጣ የሚጠርግ ሰው ነው። እንፈርማለን፣ ግን ሠራተኛው በሙሉ በመፈክሩ ሥር ይነሣ አለ። ካለፈው በዓል የተረፈ ቀይ ጨርቅ ወርክሾፑ ፊት ተሰቅሏል፤ በቢጫ ቀለም ረጅም ነገር ተጽፎበታል።

«መፈክሩ ከዳር እስከ ዳር ይታይ» አለ። «የእኔ ፊት ቢደበዝዝ ግድ የለኝም።» ይህን ብሎ መሐል ለመሐል ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

ሃያ ሦስት ሰው ቆመ። ጋሽ ወንድይፍራው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንበው አንዱን በያጅ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አሰናዱ። የሌንሱን ክዳን አንሥተው «እስከ ሦስት ማንም እንዳይተነፍስ!» አሉ። ሁለት ፊልም አነሡ። የእኔ ዓይን ሰዎቹ ላይ ነበር። ጨርቁን ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ እኔም ጭምር። ይህን አስታውሱልኝ።

ዓርብ። ፊልሙን የምናጥበው በሐጂ ይመር መጋዘን፣ በሩዝ ጆንያዎች መሐል ሆነ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈንን። መድኃኒቱን ከደሴ ይዘን መጥተናል፤ ውኃው ግን የአሰብ ነው። የአሰብ ቧንቧ ቅጠል ያልገባበት ሻይ ነው የሚያወርደው። ደሴ ላይ ጋሽ ወንድይፍራው ውኃውን በከሰል ያሞቁታል፤ እዚህ ማቀዝቀዝ እንዳለባቸው ዘነጉ። የመጀመሪያው ፊልም ትንሽ እንደቆየ ሥዕሉ እንዳለ ከላስቲኩ ተላቆ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ተንሸራቶ ሳህኑ ውስጥ ፈሰሰ። ሃያ ሦስት ሠራተኛ ከነሊቀመንበሩ ከእጃችን ቀለጠ።

ሐጂ ይመር ሲሰሙ አልሳቁም። ጫማቸውን አድርገው ወጡና ከዓሣ ማቆያው አንድ ትልቅ የበረዶ ግንድ በጆንያ አሸክመው መጡ። «ለእንግዳ ዓሣ እንጂ በረዶ ጋብዤ አላውቅም» አሉ። ሳህኑን በበረዶ ከበብነው። ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ሁለተኛው ፊልም ግን ጸና። ይህ ፊልም ከሌላው የሚለየው በቀይ መብራት ሥር እየታየ መታጠቡ ነው፤ ቀይ ብርሃን አይነካውም። ጋሽ ወንድይፍራው ይህን እያደነቁ ሳለ ድንገት ፊልሙን ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«ምነው?»

«ድሮ… ድሮ እንዲህ ያለ ፊልም ነበር። ሙሽሮች ከንፈራቸውን ቀይ ሲቀቡ ጥቁር ይወጣባቸው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ወረቀት ላይ ስናትመው ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አላየሁም። የእያንዳንዱ በያጅ ፊት ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የተወው ጠባሳ ይቆጠራል፤ የአንዱ ሸሚዝ ቁልፍ በምን ክር እንደተሰፋ ይታያል። ሃያ ሦስት ሰው፣ አርባ ስድስት ዓይን። ከራሳቸው በላይ ግን ድፍን ጥቁር ጨርቅ ተንጣሏል። ቢጫውንም ፊልሙ እንደ ቀዩ አጥቁሮታል። አንድ ፊደል የለም።

አገሩ ሁሉ ቀይ በሆነበት ዘመን ቀይ የማያይ ፊልም ይዘን ተገኘን።

ቅዳሜ። ወርክሾፑ ስንደርስ የሚቃጠለው ቆሻሻ ተከምሯል፤ ስድስቱ ቢጫ ካርቶኖች ከላይ ናቸው። ጓድ ተሰማ ፎቶውን ተቀብሎ መጀመሪያ ራሱን አየ፣ ተደሰተ። ቀጥሎ ቀና አለ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ጣቱን ፎቶው ላይ ጫነ።

«ጥቁር ጨርቅ የሰቀለው ማነው? መፈክሩስ የታለ?»

«ፊልሙ ቀይ አያይም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ቀይ የማያይ ፊልም! ይህን የሠራ ማነው? ከየት አገር ነው የመጣው?»

«ከወዳጅ አገር ነው የተላከልን» አለ ፍስሐ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ጓድ ተሰማ ፎጣውን ፈለገ። በወዳጅ አገር ላይ መቆጣት ስለማይቻል በእኛ ላይ ተቆጣ። «ያለ መፈክር አልፈርምም። ይቃጠል!» አለ። አንዱ ሠራተኛ ክብሪት አወጣ። ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ካርቶኖቹ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል።

«መፈክሩን መልሰን እንጽፍበታለን» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነበር። «ሥራዬ ነው። ነጋቲቩ ላይ ገልብጬ ስጽፈው ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።»

«እንግዲያው ጻፍ!»

«ምን ነበር የሚለው?»

ጓድ ተሰማ ወደ ፍስሐ ዞረ። ፍስሐ ወደ በያጆቹ ዞረ። በያጆቹ ወደ ጨርቁ ዞሩ። ጨርቁ ግን ገመድ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነበር፤ ጨርቅ እንደ ልብ ስለማይገኝ ለሚቀጥለው በዓል ዓርብ ዕለት ቤንዚን ውስጥ ነክረው ጽሑፉን አጥበውታል። ቤንዚን አሰብ ላይ ከውኃ ይረክሳል።

«ወደፊት የሚል ነበረበት» አለ አንዱ።

«አይ፣ ወደፊት ያለፈው ዓመት ነው። የዘንድሮው ምርት ነበረው።»

«ምርትና… ንቃት።»

«ንቃት አልነበረም፣ እኔ ነኝ የሰቀልኩት።»

«የሰቀልከው አንተ ከሆንክ ንገረና!»

«ሰቀልኩ እንጂ አነበብኩ አላልኩም።»

ለሳምንታት በሥሩ የገቡና የወጡ ሃያ ሦስት ሰዎች አንዱን መፈክር ሊገጣጥሙት አልቻሉም። ጓድ ተሰማ «እኔ አስታውሳለሁ፣ ግን እናንተን እየፈተንኩ ነው» አለ። ሰዓቱን አየና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «አንተ ስንነሣ አይተኸዋል። ጻፈው።»

ወርክሾፑ መስኮት ላይ ነጋቲቩን አስደግፌ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን በሚነካው በኩል ካልተጻፈ ስለሚደበዝዝ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው። ስለ ባሕር የጻፍኩት አሥራ አንዱም ግጥም አንድ ሰው አንብቦት አያውቅም። ከበስተጀርባዬ ብየዳው ይፍጨረጨራል። የፈራሁትን ያህል አልተቸገርኩም። ከቀኝ ወደ ግራ እንዲህ አልኩ፦

በእሳት የተበየደ አይለይም ዘላለም

እዚያው አተምነው። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ ፊደል ጥርት ብሎ ወጣ። ጓድ ተሰማ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበውና ጠረጴዛውን መታ።

«ይኸው! ይኸው ነው የነበረው! ልባችሁ ሥራው ላይ ስላልሆነ ነው ያላስታወሳችሁት።»

«አዎ፣ አዎ፣ ይኸው ነው» አሉ ሁሉም። አንድ ሽማግሌ በያጅ ብቻ በአጠገቤ ሲያልፍ «ከፊተኛው ይሻላል» ብሎ ሹክ አለኝ። ጓድ ተሰማ ፈረመ። ጋሽ ወንድይፍራው ስድስቱን ካርቶን ከቆሻሻው አናት አንድ በአንድ አነሡ፤ ለማንም አላሸከሙም።

መኮንን ቦቴውን ሞልቶ ሊወስደን ሲመጣ፣ ሐጂ ይመር ካርቶኖቹ በሙቀት እንዳይበላሹ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሰጡን። የመንገድ ስንቅ ዓሣ አደረጉልን፤ ዓሣው ባቲ ሳይደርስ ሸተተ፣ ፊልሙ ደሴ ድረስ ደህና ገባ። ስንሰናበት «ጭጋጉን ሰላም በሉልኝ» አሉ። ስንገባ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖ ነበር። ሰላም አልኩላቸው። ሰው ያየኝ ይመስለኛል።

የማኅበራችን ሊቀመንበር ፊልሙን ቆጠረ፤ ካሜራው ከቦታው እንዳይነሣ ፈቀደ። ፊልሙ እንደሚሠራ ማስረጃ ሲጠይቅ የአሰቡን ፎቶ አሳየነው። ፊቶቹን ዘለላቸው፤ መፈክሩን ግን ሁለት ጊዜ አነበበና ወረቀት ላይ ገለበጠ።

በሚቀጥለው በዓል የማኅበራችን ቀይ ጨርቅ ፎቶ ቤታችን ፊት ተሰቀለ። «በእሳት የተበየደ አይለይም ዘላለም» ይላል፤ የራሴ መስመር፣ ሁለት ክንድ በሚሆን ቢጫ ፊደል። ከእኛ መሐል በያጅ ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አባላቱ በሙሉ በሥሩ ቆሙ፤ ጋሽ ወንድይፍራው የሌንሱን ክዳን አንሥተው እስከ ሦስት ቆጠሩ። ፎቶው እንደ ሕጉ ወጣ፤ የሁሉም ዓይን ጥርት ያለ፣ ጨርቁ ድፍን ጥቁር፣ ግጥሜም የለም።

መልሼ እንድጽፈው ነጋቲቩን ሰጡኝ። ጻፍኩት። ጥቁሩ ቦታ ሰፊ ስለነበረ ከሥሩ፣ ፊደሉን ጥቂት አሳንሼ፣ ጥንዱን ጨመርኩበት፦

በቀለም የተጻፈ ቤንዚን ሲነካው የለም

ፎቶው በመስተዋት ታስሮ ማኅበሩ ቢሮ፣ ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ ተሰቅሏል። በየሳምንቱ በሥሩ እንሰበሰባለን። እስካሁን ያነበበው የለም።